ከኦጁሉ ራስ ላይ የተነቀለው ብረት

ጡረታ የወጣሁት አምና ነው። ሰው ጡረታ ሲወጣ ልቡ ያርፋል ይላሉ፤ የኔው ብሶበታል። ባለፈው ሰሞን በራፌ ላይ ተቀምጬ ጎረቤቴ ለቤት መሥሪያ የሚያስመነጥረውን ቦታ አያለሁ። አንድ ጎልማሳ ኦፕሬተር ከፊቷ አካፋ ባላት ትንሽ ትራክተር የኒም ዛፍ ይገፋል። አካፋውን እስከ ቅርንጫፉ ድረስ ሰቅሎታል፤ የኋላ ጎማዎቹ አፈር ይዝቃሉ፤ ከመቀመጫው በላይ መቆም የነበረበትን መከላከያ ብረት ደግሞ ወደ ኋላ አጥፎታል። ከዘራዬን ይዤ ሄድኩና ጮህኩበት። ሞተሩን አጠፋና፣ በትሕትና ነው ደግሞ፣ ብረቱን ያጠፈው ቅርንጫፍ እየነካ ስላስቸገረው መሆኑን ነገረኝ። ቅርንጫፍ አስቸገረው! ቅርንጫፍ ሲወድቅ የሚያተርፈው ያው ብረት መሆኑን የነገረው ሰው የለም ማለት ነው።

ቤቴ ገብቼም ደሜ አልበርድ አለ። ባለቤቴ ከሥራህ እንጂ ከአመልህ ጡረታ አልወጣህም ትለኛለች፤ እውነቷን ነው። ግን የሚያንገበግበኝ ያ ጎልማሳ አይደለም። የሚያንገበግበኝ የኦጁሉ ነገር ነው። ኦጁሉ ማን እንደነበረ ዛሬ በጋምቤላ ከተማ የሚያስታውሰው ሰው በጣት ይቆጠራል። የሚያስታውሱትም "በራሱ ጥፋት ዛፍ የወደቀበት ሰውዬ" ነው የሚሉት። ውሸት ነው። እኔ ፈለቀ እዚያው ቆሜ አይቻለሁ፤ ሳልሞት እናገራለሁ።

ተወልጄ ያደግሁት ጎሬ ነው። ወደ ቆላ የወረድኩት ጢሜ ገና ሳያቀመቅም፣ አቦቦ አካባቢ በነበረ የመንግሥት እርሻ የሜካኒክ ረዳት ሆኜ ነው። ገና እንደደረስኩ ወባ አልጋ ላይ ጣለኝ። ድኜ ስነሣ አስጠግቶ መንዳት ያስተማረኝ ኦጁሉ ነው። አኙዋክ ነው፤ የባሮ ዳር ሰው፤ ረጅም፣ ቁጡ፣ ጉረኛ። በዚያ አቧራ ውስጥ በከሰል ካውያ የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጥቁር መነጽር አድርጎ ዶዘር የሚነዳ ከሱ በቀር አላየሁም። በጋምቤላ ምድር እንደሱ ያለ ኦፕሬተር እንደሌለ ሳትጠይቀው ይነግርሃል። የሚያናድደው ደግሞ እውነት መሆኑ ነው።

አማርኛ የተማረው እርሻው ላይ ነው። "እርስዎ" የሚባል ነገር ከአፉ አይወጣም፤ እኔንም አንተ፣ ሥራ አስኪያጁንም አንተ፣ ጳጳስ ቢመጣም አንተ ነው። ንቀት አልነበረም። በእኛ ከተማ ብዙ ሰው የሚናገረው እንደዚያ ነው፤ ከደጋ የወረድነውም ለምደነዋል። እኔ ጋሽ ኦጁሉ እለዋለሁ፤ እሱ ስሜን እያወቀ "አንተ ጎሬ" ይለኛል።

መንግሥት ሲለወጥ እርሻው ተበተነ። ዶዘሮቹ በቆሙበት ሣር በቀለባቸው። ጋምቤላ ራሱን የቻለ ክልል ሆነ ተባለና ደስ አለን፤ ለምንስ ደስ አይለንም? ቢሮ በቢሮ ላይ ተከፈተ። ትናንት አብሮን በአንድ ሳህን ሲበላ የነበረ ሁሉ ማኅተም ያዘ። እኔና ኦጁሉም ለከተማው ቦታ በሚመነጥር አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጠርን። ስለ ደመወዙ ባላወራ ይሻላል።

የተሰጠችን መሣሪያ በእርዳታ የመጣች ትንሽ ትራክተር ነበረች። ከፊቷ አካፋ አላት፤ ከመቀመጫዋ ኋላ እንደ በር መቃን የቆመ፣ ከነጂው ራስ በላይ የሚያልፍ ወፍራም ብረት አላት። "የራስ ብረት" ነበር የምንለው። ትራክተር ቢገለበጥ ወይም ከላይ ግንድ ቢወድቅ መጀመሪያ የሚቀበለው እሱ ነው። ኦጁሉ ትራክተሯን ዞሮ ዞሮ አያትና ሳቀ። ይህ ዶዘር አይደለም፣ ፍየል ነው አለኝ፤ ፍየል ደግሞ ዝሆን አይገፋም።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ሕግ አወጣ። ከጭን የሚወፍር ዛፍ በትራክተሯ አይገፋም፤ መጋዝ ያውቀዋል። የሚቀጥነውም ቢሆን ዝም ተብሎ አይገፋም። በመጀመሪያ ከኋላዋ ክብደት ይታሰራል፤ አካፋው ሲከብድ የኋላ ጎማዎቿ ከመሬት እንዳይለቁ። ከዚያ ኦጁሉ መጥረቢያ ይዞ ይወርዳል። ዛፉን ይዞረዋል። በመጥረቢያው ጀርባ ግንዱን ከእግሩ ጀምሮ እጁ እስከደረሰበት እየመታ ጆሮውን ያስጠጋል። ድምፁ ድፍን ከሆነ ደህና ነው፤ እንደ ከበሮ ካስተጋባ ውስጡ ባዶ ነው።

ይህ በእኛ አገር ቀልድ አይደለም። በየበጋው ሣሩ ይቃጠላል። እሳቱ የዛፉን እግር ከአንድ ወገን በልቶ ያልፋል፤ ዝናብ ሲመጣ ዛፉ መልሶ ይለመልማል። ከላይ ስታየው አረንጓዴ ነው፤ ከውስጥ ከሰልና ምስጥ። እንዲህ ያለውን ስትገፋው ከሥሩ አይነቀልም። ከመሐሉ ይሰበርና አናቱ ወደ ገፊው ይመጣል። ከደጋ የመጣ ሰው፣ እኔ ጭምር፣ ለምለም ዛፍ ጤነኛ ይመስለዋል።

መታ መታ አድርጎ ሲጨርስ ሽቅብ አይቶ የደረቀ ቅርንጫፍ ይፈልጋል። ከዚያ ትራክተሯ የምትሸሽበትን መንገድ በእግሩ ይሄድበታል፤ ጉቶ ካለ ያስነቅላል፣ ጉድጓድ ካለ ያስደፍናል። ይህ ሁሉ ሳይሆን ሞተር አይነሣም። ሥራውም ጥድፊያ የለውም። አካፋውን ዝቅ አድርጎ በራሱ በኩል ያለውን ሥር ይቆርጣል፤ ቀጥሎ ግራና ቀኙን፤ ዛፉ በሚወድቅበት በኩል ያለውን አይነካም። ሲገፋም ከታች ነው፣ በቀስታ። ከፍ አድርጎ መግፋት አናቱን በገዛ ራስ ላይ መጥራት ነው ይል ነበር። ሥሩ ከመሬት መነሣት ሲጀምር ደግሞ ወዲያው ወደ ኋላ፤ አለበለዚያ የሚነሣው ሥር ከትራክተሯ ሆድ ሥር ገብቶ ይገለብጣታል።

አንድ ጊዜ ወደ ኢታንግ በሚወስደው መንገድ ዳር ለጤና ኬላ ቦታ ስንመነጥር አንድ ቀጭን ግራር ላይ ተራው የኔ ነበር። ከክንዴ ብዙ አይወፍርም፤ ይሄን ደግሞ ምን ማንኳኳት ያስፈልገዋል ብዬ ወደ መቀመጫው ስወጣ ኦጁሉ ቁልፉን ነጠቀኝ። ሄዶ መታው። ከዚያ በመጥረቢያው አንድ ጊዜ ሲያሳርፍበት ግንዱ ለሁለት ተከፈለና ምስጡ ፈሰሰ። ያን ቀን ሙሉ ሰው ባለፈ ቁጥር እየጠራ ያንን ግንድ አሳየብኝ። በሬ ወለደ ብሎ የሚጨምርበት ሁሉ ነበረው። ተናድጄ ነበር፤ ግን ከዚያ ወዲህ ሳላንኳኳ የገፋሁት ዛፍ የለም።

አሁን ወደ አለቃችን ልምጣ። ስሙን አልጠራም፤ ልጆች አሉት፣ ልጆቹ ምን በደሉ። ኃላፊው ልበለው። ይህ ሰው ከሰማይ የወረደ ሹመኛ አልነበረም። አቦቦ እርሻው ላይ የመለዋወጫ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበር። እያንዳንዱን ብሎን በቁጥሩ ያውቃል። ትራክተር ተገልብጦ ነጂው ከራስ ብረቱ ሥር አቧራውን አራግፎ ሲወጣ አብረን ቆመን አይተናል፤ አብረን እግዜር ይመስገን ብለናል። እኔን የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው። አላወቀም ቢሉኝ ይቅር እል ነበር። አውቆ ነው ያደረገው።

ትራክተሯ ማደሪያ አልነበራትም። ኃላፊው አንድ አሮጌ ኮንቴይነር አስመጣና እዚያ ትደር አለ፤ የራስ ብረቱ በኮንቴይነሩ በር አላልፍ አለ። ሌላ ሰው ቢሆን ዳስ ይሠራላታል። እሱ ብረቱ ይፈታ አለ። ኦጁሉ አይሆንም አለ፤ ሌባ ከፈራህ እኔ አጠገቧ እተኛለሁ ብሎ ራሱን ለዘበኝነት አቀረበ። ማን ሰምቶት። አንድ ቀን ጠዋት ስንገባ ብረቱ የለም። ፈልገን ያገኘነው ከቢሮው ጀርባ ነው። መሬት ተቆፍሮ ተተክሏል፤ ዙሪያውን አጠና ተጨምሮበት ቆርቆሮ ተመቶበታል፤ ከሥሩ የኃላፊው መኪና ጥላ ውስጥ ቆማለች። የጋምቤላ ፀሐይ ቀለሟን እንዳያለቅቀው ነው አሉን። ለሰው ራስ የተሠራ ብረት ለመኪና ቀለም!

ኦጁሉ ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ቢሮ እየገባ ብረቴን ስጠኝ ይለዋል። ኃላፊው "አንተ" መባሉ ያንገሸግሸው ጀመር፤ አቦቦ ሳሉ ግን በአንድ ምንጣፍ ላይ አንተ ሲባባሉ ነበር። ኦጁሉም ብረቱ እስኪመለስ ከክንድ የሚወፍር ነገር አልነካም አለ። እኔም እንደሱ አልኩ። ሥራው እንደዚያው በአኩራፊ ፊት ቀጠለ።

የክልሉ በዓል ደረሰ። ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጣሉ ተባለ፤ ሕዝቡ የሚሰበሰብበት ሜዳ ከባሮ ዳር ይጠረግ ተባለ። ቁጥቋጦውን አጸዳነው። መሐል ላይ አንድ የሮቃ ዛፍ ቀረ፤ የክብር እንግዶቹ ዳስ ይተከልበታል የተባለው ቦታ ላይ። ወፍራም ነው፤ አናቱ ለምለም ሆኖ አንድ ትልቅ የደረቀ ቅርንጫፍ ተሸክሟል። ኦጁሉ መታው። እኔም ጆሮዬን አስጠጋሁ። ባዶ ነበር፤ የእሳቱ ጠባሳም በማዶው በኩል እጅ ያስገባል።

ኦጁሉ ይህን ትራክተር አይነካውም አለ። ገመድና ረጅም መጋዝ ያላቸው ሰዎች ይምጡ፣ ከአናቱ ጀምረው ያውርዱት፤ ካልሆነም ይቅር፣ ለእንግዶቹ ጥላ ይሆናል። ኃላፊው መጋዝ ያላቸው ሰዎች ወደ ዲማ ወርደዋል፣ እንግዶቹ ነገ ናቸው፣ አልጠብቅም አለ። ኦጁሉን በሰው ፊት ፈሪ አለው። ኦጁሉ መነጽሩን ወልውሎ መልሶ አደረገ እንጂ አልተንቀሳቀሰም። ኃላፊው ወደ እኔ ዞረ፤ እምቢ አልኩ። ብታባርረኝም እምቢ አልኩ።

ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የገዛ መኪናውን ሹፌር ጠርቶ ትራክተሯ ላይ ውጣ አለው። ሹፌሩ ትራክተር ነድቶ አያውቅም። ልጆች ያሉት፣ ለእንጀራው የሚፈራ ሰው ነው፤ እምቢ ማለት እንደማይችል ኃላፊው አሳምሮ ያውቃል። የተመረጠውም ለዚያ ነው። ሰውየው ፊቱ አመድ መስሎ ወጣ። አካፋው በየትኛው እጀታ እንደሚነሣ እንኳ እጁ ይዳብስ ጀመር።

ኦጁሉ ሄዶ ክንዱን ይዞ አወረደው። ወደ ኃላፊው ዞረ።

"ይህ ሰው ይሞታል" አለው። "እኔ ዛፉን አውቀዋለሁ። ምናልባት እኔ አልሞት።"

በራሱ ጥፋት ሞተ የምትሉ ሰዎች፣ እስቲ አሁን ስሙኝ። ሕዝቡን ሁሉ አራቀ። ከኋላዋ ክብደቱን አሰረ። የመሸሻውን መንገድ ሄደበት፤ አንድ ጉቶ አስነቀለ። እኔን ከጎን በሩቁ አቆመኝ፤ ሥራዬ አናቱን ብቻ ማየት ነው፣ ንቅንቅ ካለ እጄን ላነሣ። አካፋውን ከመሬት ላይ አላነሣም። አልገፋም እንኳ፤ ሥር መቁረጥ ነው የጀመረው፣ ቁስል እንደሚነካ ሰው በቀስታ። የመጀመሪያው ሥር ተቆረጠ፤ አናቱ ዝም አለ። ሁለተኛውን ሲነካ ከግንዱ መሐል ድምፅ ወጣ። እጄን አነሣሁ፣ ጮህኩም። እሱ ግን ከእኔ ቀድሞ ማርሹን ወደ ኋላ አስገብቶ ነበር። ትራክተሯ በመሸሻዋ መንገድ ላይ ነበረች፤ ቀጥ ብላ እየሸሸች ነበር። አናቱ ቀደማት። የደረቀው ቅርንጫፍ መቀመጫው ላይ፣ በትከሻውና በጀርባው ላይ አረፈ።

የራስ ብረቱ ቢኖር ቅርንጫፉ በሱ ላይ ያርፍ ነበር። ይህን ለማወቅ ኦፕሬተር መሆን አያስፈልግም። ከትራክተሯ የተሰበረው አንድ መብራት ብቻ ነው።

በቃሬዛ አድርገን ሆስፒታል አደረስነው። ራሱን አልሳተም፤ ሹፌሩ ደህና መሆኑን ጠየቀኝ፣ ደህና ነው አልኩት። ነጭ ሸሚዙን ነርሶቹ በመቀስ ሲቀድዱት ተቆጣቸው። በማግስቱ ሜዳው ላይ ለእንግዶቹ ሲጨበጨብ ጭብጨባው ሆስፒታሉ ድረስ ይሰማል፤ ኦጁሉ ያረፈው በዚያው ሰዓት ነው። እኔ እጁን ይዤ ነበር። እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ማንም ሰው ቢስቅብኝ ግድ አልነበረኝም።

ኃላፊው ለቅሶ የመጣው በዓሉ ካለፈ በኋላ ነው፣ በመኪናው። ግቢው በሰው ሞልቷል፤ የቤተ ክርስቲያናቸው ሰዎች መዝሙር ዘምረው ገና መቀመጣቸው ነው። ተነሥቶ ንግግር አደረገ። ኦጁሉ ጎበዝ እንደነበረ፣ ክልሉ ትልቅ ባለሙያ እንዳጣ ተናገረ። ቀጠለና "በዚያች ቀን ግን ወንድማችን ጥንቃቄ ጎደለው" አለ። በሰውየው ግቢ! በልጆቹ ፊት! ተነሥቼ ውሸት ነው አልኩ። ስለ ሹፌሩም፣ ስለ ዛፉም፣ ከመኪናው በላይ ስላለው ብረትም ሁሉንም ዘረገፍኩት። ሽማግሌዎች ለቅሶ ቤት ነው ብለው ይዘው አስቀመጡኝ።

ኋላ የተጻፈውም ሪፖርት ያንኑ ነው ያለው፤ የኦፕሬተሩ የጥንቃቄ ጉድለት። ተዘጋ። ኃላፊው ወደ ተሻለ ቢሮ ተዛወረ። እኔ ከዚያ በኋላ ብዙ ቦታ ሠርቻለሁ፤ ዲማ መንገድ ላይ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ደግሞ ትየርኪዲና ኩሌ የስደተኛ መጠለያዎች ሲከፈቱ እዚያ። በየሄድኩበት አስቀድሜ የማየው የራስ ብረቱን ነው። የሌላት ትራክተር ላይ አልወጣም ብዬ ከስንት አለቃ ጋር ተጣልቻለሁ፤ አስቸጋሪ ሽማግሌ የሚል ስም አትርፌበታለሁ። ይሁን። ግን የለቅሶውን ቀን አልጨረስኩም።

ሽማግሌዎቹ እኔን ካስቀመጡኝ በኋላ የኦጁሉ ባለቤት ተነሣች። አሪየት ትባላለች፤ ባሮ ዳር ዓሣ የምትሸጥ፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ የምትናገር ሴት ናት። ኃላፊው ፊት ሄዳ ቆመች። "ብረቱ የት ነው?" አለችው።

የትኛው ብረት አለ። የባሌ ብረት ነዋ፣ ሥራ ውሎ ሲገባ የሚነግረኝ ስለሱ ነው አለችው። ሰውየው ዙሪያውን አየ። መቃብሩ ላይ ለማቆም የምትፈልገው መሰለው፤ ብረቱ ባለበት ቆይቶ እሱ በራሱ ወጪ ከዚያ የበለጠ ያማረ አጥር ለመቃብሩ እንደሚያሠራ ቃል ገባ። ለመቃብር አልፈልግም አለች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረችና "ተነሥ፤ እንሂድ" አለችው።

እሷ ወጣች፤ ለቀስተኛው ሁሉ ተነሥቶ ተከተላት። እሱም በዚያ ሁሉ ዓይን መሐል መቀመጥ አልቻለም፤ መጣ። ከቢሮው ጀርባ ሰዎቹ ብረቱን ከመሬት ሲነቅሉት ቆርቆሮውና አጠናው ተናደ፤ ማንም ዞሮ አላየውም። በትከሻቸው ተሸክመው ኮንቴይነሩ አጠገብ ወደቆመችው ትራክተር አመጡት። ጭቃውን በውኃ አጠብኩት። ቁልፍ አመጣሁ። ኃላፊው ራቅ ብሎ ቆሟል።

ብሎኖቹን ማስገባት ጀመርኩ። አሪየት ከአጠገቤ አልተንቀሳቀሰችም፤ እያንዳንዱ ብሎን ሲገባ ታያለች።

"ከሱ በኋላ እዚህ የሚቀመጠው ማነው?" አለችኝ።

"እኔ ነኝ" አልኳት።

መቀመጫውን አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ።

"እንግዲያው ደህና አድርገህ አጥብቀው" አለች።